ስለ ኮምፒዩተር ዛፍ መልክ

በመሥሪያ ቤታችሁ ኮምፒዩተር ወረዳ ስትመርጡ በመስኮቱ ዳር ስሞች በደረጃ ተደርድረው ሳታዩ አትቀሩም። ከላይ የአማራ ክልል፣ ከሥሩ ገባ ብሎ ደቡብ ጎንደር፣ ከርሱም ሥር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ፣ ቀጥሎም ቀበሌዎች ይገኛሉ። ባለሙያዎች ይህን «ትሪ ቪው» ይሉታል፤ የዛፍ እይታ ማለት ነው። ዛፉ ግን የተገለበጠ ነው፤ ግንዱ ከላይ፣ ቅርንጫፉ ከታች ነውና። በዊንዶውስ የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1995 ወዲህ ነው።

የዛፉን መልክ መለወጥ ለጌጥ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ጋይንት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በበጌምድር ውስጥ አንድ አውራጃ ነበረ፤ ዛሬ ስሙን ሁለት ወረዳዎች ይካፈሉታል። የአንዱ ከተማ ነፋስ መውጫ፣ የሌላው አርብ ገበያ ነው። በመዝገብ ላይ ግን የሚለያቸው አንዲት አጭር ቃል ናት። ለታች ጋይንት የታዘዘ እህል በላይ ጋይንት ስም ቢጻፍ፣ የሚጠብቀው ገበሬ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ስሕተት የሚገባበት አንዱ በር ይህ ነው። ጸሐፊው ታች ጋይንትን ሲመርጥ ስሙ በቀለም ይለያል። ቁጥር ለመሙላት ወደ ቅጹ ሲሻገር ግን ቀለሙ ይጠፋል። ፕሮግራሙ ምርጫውን አልረሳም፤ የረሳ የሚመስለው ለሰውየው ነው። በዊንዶውስ ፎርምስ «ሃይድ ሴሌክሽን» የተባለው ጠባይ፣ ማንም ካልነካው፣ ምርጫን እንዲህ ይደብቃል። ባለሙያው ይህን ጠባይ ቢሽረው ስሙ ደብዘዝ ባለ ቀለም ተለይቶ ይቈያል። አንድ መስመር ትእዛዝ ይበቃዋል።

ፊደላችንም የራሱ ጥያቄ አለው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሆኖም ለላቲን ፊደል የተለካ ረድፍ ለኛ ሊጠብብና እግሩን ሊቈርጠው ይችላል፤ «ለ» እና «ላ» ደግሞ የሚለያዩት በእግራቸው ነው። መድኃኒቱ «አይተም ሃይት» የሚባለውን የረድፍ ቁመት ከፍ ማድረግ ነው።

ለዞን፣ ለወረዳና ለቀበሌ የተለያየ ትንሽ ሥዕል ማድረግም ይቻላል። ዛፍ ስለ ተባለ በየስሙ ፊት ቅጠል ቢለጠፍ ግን ለጸሐፊው አንዳች አይነግረውም። ቀለምም ብቻውን አይታመንም፤ ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ዓይን አለና። ባለሙያው እያንዳንዱን ረድፍ ራሱ ልሳል ካለ፣ የተመረጠውን ረድፍ መለየትም የርሱ ግዴታ ይሆናል።

አዲስ ፕሮግራም ሲያስረክቧችሁ ታች ጋይንትን ምረጡ፤ ወደ ቅጹ ተሻገሩ፤ ከዚያም ወደ ዛፉ ተመልከቱ። ስሙ ተለይቶ ካልታየ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ለባለሙያው መልሱለት።