ክዳን የጎደለው ኮምፒውተር

ጭፍራ ከወልዲያ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የአፋር አርብቶ አደርና የወሎ ገበሬ የሚገበያዩባት ከተማ ናት። እዚህም ሆነ ቆላ ወርዶ በሎግያና በሰመራ፣ አሮጌ ዴስክቶፕ ሲበላሽ ሚሞሪው ወይም ሃርድ ዲስኩ ብዙ አያስጨንቅም። ትንንሽ ዕቃዎች ስለሆኑ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ኪስ ይደርሳሉ። ፈተናው ሳጥኑ ነው። የጎን ክዳኑ የጠፋ፣ የፊት ፕላስቲኩ የተሰነጠቀ፣ ማብሪያው ወደ ውስጥ ሰምጦ የቀረ ሳጥን መለዋወጫ በየሱቁ አይሸጥለትም፤ አምራቹም ሞዴሉን ከተወው ዓመታት አልፈዋል። እንዲያም ሆኖ ዕቃው ይገኛል። ፈላጊው ግን በስሙ መጠየቁን ትቶ በሥራውና በልኩ መፈለግ አለበት።

ብዙ ሰው ሲፒዩ እያለ የሚጠራው ይህ ሳጥን ለመልክ ብቻ የተሠራ አይደለም። አንደኛ፣ የአየር መተላለፊያ ነው፤ ፋኑ ከፊት የሳበውን አየር በዲስኩና በፕሮሰሰሩ ላይ አሳልፎ በኋላ በኩል ያስወጣል። ሁለተኛ፣ ብረቱ ከኤሌክትሪክ መሬት ጋር ስለሚገናኝ ሽቦ ቢላጥ ሰውን ከመያዝ ይከላከላል። ሦስተኛ፣ አቧራና ተባይ ያግዳል። በአፋር ሙቀት ብዙዎች ክዳኑን ከፍተው መተዉን እንደ መፍትሔ ያዩታል። ለጊዜው የቀዘቀዘ ቢመስልም አየሩ አቋራጭ ይዞ ስለሚወጣ ዲስኩ ድርሻውን ያጣል፤ አቧራውም በሳምንታት ውስጥ ፋኑን ይጠቀጥቀዋል። ስለዚህ የጠፋ ክዳን መተካት ያለበት ዕቃ ነው።

ፍለጋው የሚጀምረው አንድ ጥያቄ በመመለስ ነው፦ ሳጥኑ ክሎን (ከልዩ ልዩ አምራቾች ዕቃ የተገጣጠመ) ነው ወይስ ብራንድ (አንድ ኩባንያ በስሙ የሠራው)? እ.ኤ.አ. በ1995 ኢንቴል ኤቲኤክስ የተባለውን የጋራ ልክ አወጣ። ማዘርቦርዱ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች፣ የኋላው የመሰኪያ መስኮትና የፓወር ሰፕላዩ ቦታ ሁሉ በዚያ ተወሰኑ። ይህን ልክ ተከትለው የተገጣጠሙ ክሎኖች ዕድለኞች ናቸው፤ ሳጥኑ ከጥገና ውጭ ቢሆን እንኳ ውስጡን እንዳለ አውጥቶ ወደ ሌላ የኤቲኤክስ ሳጥን ማዛወር ይቻላል። በየቢሮው የሞሉት ዴል ኦፕቲፕሌክስና መሰሎቹ ግን ብዙውን ነገር በራሳቸው ልክ የሠሩ ናቸው። ክዳናቸው ያለ ቪቴ በመቆለፊያ ይከፈታል፣ የፊት ሽፋናቸው በራሱ መንጠቆ ይያዛል። ለእነዚህ የሚሆነው የዚያው ሞዴል ዕቃ ብቻ ስለሆነ ከመፈለግ በፊት የሞዴሉን ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል። በዴል ሳጥን ላይ የተለጠፈው ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው የሰርቪስ መለያ ሞዴሉን በትክክል ይናገራል። አንድ ወጥመድም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የወጡ አንዳንድ የዴል ፓወር ሰፕላዮች መሰኪያቸው የተለመደውን ኤቲኤክስ ይመስላል፣ የሽቦው አሰላለፍ ግን ሌላ ነው። ተመሳስሏል ብሎ የሰካው ሰው ማዘርቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል።

ከሁሉም ቀድሞ የሚጠፋው ቪቴ ነው። በኮምፒውተር ውስጥ በብዛት ያሉት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው 3.5 ሚሊሜትር ውፍረትና ሰፋ ያለ ጥርስ ያለው የኢንች ቪቴ ሲሆን የሳጥኑን ክዳን፣ ፓወር ሰፕላዩንና ሃርድ ዲስኩን ያስራል። ሁለተኛው 3 ሚሊሜትር ውፍረትና ደቃቅ ጥርስ ያለው ሲሆን ለሲዲ ማጫወቻና ለፍሎፒ ይሆናል። ደቃቁ የሜትሪክ ልክ ስለሆነ ከሌሎች የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችም ሊገኝ ይችላል። ወፍራሙ ግን በአብዛኛው የሚገኘው ከሌላ ከሞተ ኮምፒውተር ነው። ወፍራሙን በደቃቁ ቀዳዳ በካቻቢቴ አስገድዶ ማስገባት ጥርሱን በልቶ ቀዳዳውን ያበላሻል።

ማብሪያው ከተሰበረ መፍትሔው ከሚጠበቀው በላይ ቀላል ነው። በኤቲኤክስ ሳጥን የማብሪያው ሥራ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎችን ለአፍታ ማገናኘት ብቻ ነው፤ የሚያልፍባቸውም አነስተኛ ቮልቴጅ ነው። ስለዚህ ተጭነው ሲለቁት የሚመለስ ማንኛውም ቁልፍ፣ የበር ደወል ቁልፍ ጭምር፣ ይተካዋል። ከኤቲኤክስ በፊት በነበሩት የኤቲ ሳጥኖች ግን ወደ ማብሪያው የሚመጣው ወፍራም ገመድ 220 ቮልቱን ራሱን ይሸከማል። እዚያ ላይ የደወል ቁልፍ መግጠም ለሞት ሊዳርግ ስለሚችል ሥራውን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ መተው ነው።

የጎን ክዳንና የኋላ መሸፈኛዎች ከቀጭን ላሜራ የተሠሩ ስለሆኑ ከአዋሽ እስከ ሎግያ በጂቡቲ መስመር የጭነት መኪና የሚጠግኑ ጋራዦች አያቅቷቸውም። ዋናው ልኩ ነው፤ በካርቶን ሞዴል ቆርጦ፣ ሳጥኑ ላይ ሞክሮ፣ ከዚያ ለብረት ሠሪው መስጠት። ቁረጣው፣ ብየዳውና ሞረዱ ከኮምፒውተሩ ርቆ ይሠራ፤ አንዲት የብረት ብናኝ ማዘርቦርድ ላይ ብታርፍ ሾርት ታደርጋለች። እንዲህ ያለው ብልሃት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር በአዋሽ ጣቢያ በኩል ለአሥርት ዓመታት ሲመላለስ የኖረው የድሬዳዋው ጋራዥ ባለ ቶርኖዎች የጎደለውን ዕቃ እየቀረጹ ስለተኩለት ጭምር ነው።

ፕላስቲኩ ሌላ ጥበብ ይጠይቃል። የድሮ ሳጥኖች የፊት ሽፋን በአብዛኛው ኤቢኤስ ከተባለ ፕላስቲክ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ ስሙ በውስጥ በኩል ታትሞ ይገኛል። ኤቢኤስ በንጹሕ አሴቶን ስለሚሟሟ ስብርባሪውን በአሴቶን አሟሙቶ ስንጥቁን በዚያው መሙላት ከሱፐር ግሉ የበለጠ ይይዛል። ነጭ የነበረው ሽፋን ቢጫ የሚሆነው በጊዜ ብዛትና በፀሐይ ብርሃን ነው፤ እሳትን እንዲቋቋም የተጨመረበት ብሮሚንም ምክንያት እንደሆነ ይነገራል። የሴቶች ፀጉር ቤት የሚጠቀምበት የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቅባት ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ብጫው ይለቃል። ጓንት ማድረግና ቅባቱ እንዳይደርቅ በላስቲክ መሸፈን ግዴታ ነው። ብጫው ከጊዜ በኋላ ሊመለስ እንደሚችል፣ የደረቀና የሚፈረካከስ ፕላስቲክም በዚህ እንደማይጠነክር ማወቅ ይገባል።

የተሰበረ መንጠቆ ወይም የጠፋ የሲዲ ቦታ መሸፈኛ በስሪዲ ፕሪንተር ሊታተም ይችላል። የሚያሳትም ሰው ስለ ቁሳቁሱ ይጠይቅ። ብዙዎች የሚጠቀሙበት ፒኤልኤ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። የአፋር ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ቢረሳ ቅርጹን ይቀይራል። ለዚህ አገር ፒኢቲጂ ወይም ኤቢኤስ ይሻላል።

ያገለገለ ዕቃ ፈላጊ ብዙ ጊዜ የሚያመራው አዲስ አበባ፣ መርካቶ ነው። ምናለሽ ተራ ቁራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ብረትና ፕላስቲክ ዳግም ሥራ የሚያገኝበት ገበያ ነው፤ ከዚያ መካከል ሙሉ ሳጥን መግዛት አንድ ክዳን ከመፈለግ ሊቀል ይችላል። ይበልጥ ቅርብ የሆነው ምንጭ ግን በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ መጋዘን የተደረደረው አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ወረዳኔትና ስኩልኔት የተባሉት የመንግሥት የኔትወርክ ፕሮግራሞች ከተጀመሩ ወዲህ ወደየወረዳው የገባው መሣሪያ ብዙ ነው፤ ያረጀው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ተከማችቶ ይቀራል። የመንግሥት ንብረት በመሆኑ የንብረት ክፍል ሳያውቅ መፍታት አይቻልም። የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አወጋገድን የሚመለከተው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 አለ፤ እንዲህ ያለው ዕቃ እንደ ተራ ቆሻሻ የትም አይጣልም። ከመወገዱ በፊት በሥርዓቱ ተመዝግቦ ክዳኑ፣ ፋኑና ቪቴው ለሚሠሩት ኮምፒውተሮች ቢተላለፍ ግን መሥሪያ ቤቱ ከአዲስ ግዢ ወጪ ይድናል።

ከሩቅ ለሚያዝ ሰው የመጨረሻው ምክር ይህ ነው፦ ዕቃውን በስልክ በቃል አያስረዱ። የሞዴሉን ቁጥር ፎቶ አንሥተው፣ የተሰበረውን ክፍል ከማስመሪያ ጋር አድርገው በፊትና በጀርባ ፎቶ አንሥተው ይላኩ። ፋን ከሆነ ስፋቱን ይለኩ፤ 80፣ 92 ወይም 120 ሚሊሜትር ይሆናል። የሞተ ኮምፒውተር ከመጣልዎ በፊትም ቪቴዎቹን፣ የጎማ እግሮቹንና የኋላ መሸፈኛዎቹን ፈትተው በአንድ ጣሳ ያስቀምጡ። በጭፍራም ሆነ በሰመራ ቅርቡ የመለዋወጫ ሱቅ ያ ጣሳ ነው።