የገዛነውን መጽሐፍ ማን ይከፍትልናል?

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ማይክሮሶፍት የዲጂታል መጽሐፍ መደብሩን መዝጋቱን አስታወቀ። ሱቅ መዝጋት ብርቅ አይደለም፤ ነጋዴ ያላዋጣውን ይተዋል። ደንበኞቹን ያስደነገጠው ቀጥሎ የመጣው ነው። ከጁላይ ጀምሮ ቀደም ሲል ገንዘብ ከፍለው የገዟቸው መጻሕፍትም እንደማይከፈቱ ተነገራቸው፤ እንደተባለውም ሆነ። በነጻ የወሰዷቸውም ሳይቀሩ አብረው ጠፉ። ድርጅቱ የተከፈለውን ዋጋ በሙሉ መለሰ፤ በመጻሕፍቱ ላይ ማስታወሻ ጽፈው ለነበሩት ደግሞ 25 ዶላር ጨመረላቸው። በገንዘብ ረገድ ማንም አልተበደለም ማለት ይቻላል። ሁለት ዓመት ሙሉ እያነበበ፣ እያሰመረ፣ ሐሳቡን ከዳር ከዳር ሲጽፍ ለኖረ ሰው ግን ያ ድካም በ25 ዶላር የሚተመን አይመስለኝም።

መጻሕፍቱን የዘጋቸው ዲአርኤም የሚባለው የቅጂ መከላከያ ቴክኖሎጂ ነው። ዲጂታል መጽሐፍ የሚገዛ ሁሉ ይህን ቴክኖሎጂ ሊያውቀው ይገባል፤ ምክንያቱም ከአሥር ወይም ከሃያ ዓመት በኋላ መጽሐፉ ይከፈት አይከፈት የሚወስነው እሱ ነው። ከዚህ በኋላ በቀላሉ ቁልፍ እያልኩ እጠራዋለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ብዙ መደብሮችና ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙት አዶቢ የተባለው ድርጅት የሠራውን ቁልፍ ነው። ገዢው ዋጋውን ከፍሎ «አውርድ» የሚለውን ሲነካ መጀመሪያ የሚደርሰው መጽሐፉ ራሱ አይደለም፤ መጠኗ በጣም ትንሽ የሆነች የመረከቢያ ደረሰኝ የምትመስል ፋይል ናት። ይህችን ፋይል በአዶቢ የማንበቢያ ፕሮግራም ሲከፍታት ፕሮግራሙ በኢንተርኔት መጽሐፉን ወደሚያስረክበው ሰርቨር ይሄድና የገዢውን ማንነት ያሳያል። ሰርቨሩ አካውንቱን አይቶ ሲፈቅድ መጽሐፉን ይልካል፤ የሚልከው ግን ተመስጥሮ ነው።

የመጣው መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ ኢፐብ በሚባለው ዓይነት የተዘጋጀ ነው። ኢፐብ ደግሞ በውስጡ ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን የያዘ የታሸገ ጥቅል ነው፤ የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ ዚፕ ቀይሮ መፍታት ይቻላል። ቁልፍ የሌለው መጽሐፍ ሲፈታ ምዕራፎቹ በየፋይላቸው ተደርድረው ይገኛሉ፤ በማንኛውም ተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ቢከፈቱ ይነበባሉ። ቁልፍ ያለበት ሲፈታ ግን ምዕራፎቹ በየቦታቸው ቢኖሩም ውስጣቸው ትርጉም የሌለው የምልክት ትርምስ ነው። ከጎናቸው ሁለት ተጨማሪ ፋይሎች ተቀምጠዋል። አንደኛው የትኞቹ ክፍሎች እንደተመሰጠሩ ይዘረዝራል። ሁለተኛው የመጽሐፉን መፍቻ ይዟል፤ መፍቻው ራሱ ግን በገዢው አካውንት መፍቻ ተቆልፏል። ስለዚህ መጽሐፉን ለማንበብ የአካውንቱ መፍቻ የተሰጠው ኮምፒውተር ወይም ስልክ ያስፈልጋል፤ ይህን ፈቃድ የሚሰጠው የአዶቢ ሰርቨር ሲሆን አንድ አካውንት እስከ ስድስት ለሚደርሱ መሣሪያዎች ፈቃድ ያገኛል።

አሁን ጊዜውን እናስረዝመው። ኮምፒውተሩ አረጀና ተጣለ፤ አንባቢው አዲስ ገዛ። መጽሐፉን በፍላሽ ይዞታል፤ አንድ ፊደል አልጎደለበትም። አዲሱ ኮምፒውተር ግን ፈቃድ ስለሌለው ወደ ሰርቨሩ መሄድ አለበት። ሰርቨሩ ካለ ደግ። ድርጅቱ ከስሮ ወይም ሥራውን ትቶ ከሆነ ግን ያ ፍላሽ የያዘው የማይነበብ ትርምስ ብቻ ነው። ሰዎች «እኔ ኮፒ አስቀምጫለሁ» ብለው የሚዘናጉት እዚህ ላይ ነው። ቁልፍ ያለበትን ፋይል አንድ ሺህ ቦታ ማስቀመጥ የመፍቻውን ዕድሜ አያረዝመውም።

ማይክሮሶፍት በ2019 ያደረገው አዲስ ነገር አልነበረም። በ2000 ያወጣውን ማይክሮሶፍት ሪደር የተባለ የማንበቢያ ፕሮግራሙን በ2012 አቋርጧል። ሶኒ የሰሜን አሜሪካ የመጽሐፍ መደብሩን በ2014 ዘግቶ ደንበኞቹን ኮቦ ለተባለው የዲጂታል መጽሐፍ መደብር አስተላለፈ። የአሜሪካው መጽሐፍ ሻጭ ባርንስ ኤንድ ኖብል በ2016 ከብሪታንያ ሲወጣ አንባቢዎቹን ሴንስበሪስ ለተባለው የሸቀጣ ሸቀጥ ድርጅት ሰጠ፤ ያም ድርጅት በዚያው ዓመት የመጽሐፍ ንግዱን ትቶ እነዚያኑ አንባቢዎች ወደ ኮቦ መራቸው። አንድ አንባቢ በአንድ ዓመት ውስጥ ቤተ መጻሕፍቱን ይዞ ሁለት ጊዜ ቤት ለቀቀ ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ ትልልቅ ስም ያላቸው፣ ነገ ይጠፋሉ ተብለው የማይጠረጠሩ ድርጅቶች ናቸው።

መደብሩ ባይዘጋም ችግሩ አለ። በጁላይ 2009 አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እና «አኒማል ፋርም» ኪንድል ከተባለው የገዢዎች የማንበቢያ መሣሪያ ላይ ከሩቅ ሆኖ አጠፋ። መጻሕፍቱን በመደብሩ ያቀረበው አሳታሚ የመሸጥ መብት አልነበረውም። አማዞን ገንዘቡን መለሰ፤ የድርጅቱ መሥራች ጄፍ ቤዞስም በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን ለትምህርቱ የጻፋቸው ማስታወሻዎች መጽሐፉ ሲጠፋ ፋይዳ ቢስ ሆኑብኝ ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ድርጅቱ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር ከደንበኞች መሣሪያ ላይ መጽሐፍ እንደማያጠፋ ቃል ገባ። እኔ ከዚህ ታሪክ የሚያሳስበኝ ስህተቱ አይደለም፤ ስህተት ይታረማል። የሚያሳስበኝ ሻጩ ከሸጠ በኋላም እጁን ወደ ገዢው መደርደሪያ ማስገባት መቻሉ ነው።

በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ አማዞን የተገዙ የኪንድል መጻሕፍትን ወደ ኮምፒውተር አውርዶ በኬብል ወደ ኪንድል የማስተላለፉን አገልግሎት አቆመ። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 1 በካሊፎርኒያ ሥራ ላይ የዋለ ሕግ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጡ ድርጅቶች «ግዛ» የሚለውን ቃል ሲጠቀሙ ገዢው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ እንዲነግሩት አስገድዷል። ለዓመታት በረጅም ውል ውስጥ ተቀብሮ የቆየው ነገር ይኸው ነው፤ የከፈልንበት መጽሐፍ የእኛ ንብረት አልሆነም።

የወረቀት መጽሐፍ የገዛ ሰው ያውሰዋል፣ ይሸጠዋል፣ ለልጁ ያወርሰዋል። ዋሽንግተን የሚኖር ሰው አንብቦ የጨረሰውን ልብ ወለድ በመንገደኛ አድርጎ አዲስ አበባ ላለው ወንድሙ ይልክለታል። በዲጂታሉ ይህ ሁሉ ቀርቷል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም ያገለገለ ዲጂታል መጽሐፍ በኢንተርኔት መልሶ መሸጥ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እንደማይቻል በዲሴምበር 2019 ወስኗል። ቤተ መጻሕፍትም ከዚህ አላመለጡም። ሃርፐርኮሊንስ የተባለው አሳታሚ በ2011 አንድ ዲጂታል ቅጂ 26 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ እንደገና ፈቃድ እንዲገዛ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ።

ቁልፉን መስበር ለሚያውቅ ሰው ከባድ አይደለም። ከባዱ ሕጉ ነው። አሜሪካ በ1998 ያወጣችው ሕግ ቁልፉን መስበርን ራሱን ከልክሏል፤ ሰባሪው መጽሐፉን በገንዘቡ የገዛው ሰው ቢሆንም። ዲሚትሪ ስክልያሮቭ የተባለው ሩሲያዊ የፕሮግራም ባለሙያ በጁላይ 2001 ስለ አዶቢ መጻሕፍት ቁልፍ ድክመት በላስ ቬጋስ ንግግር ካደረገ በኋላ ታሰረ። በኋላ እሱ ተለቀቀ፤ የሚሠራበት ኩባንያም ቀርቦበት ከነበረው ክስ በዲሴምበር 2002 ነጻ ተባለ። ፍርሃቱ ግን አልጠፋም። ለማያዩ ሰዎች ነገሩ ከዚህም ይከፋል፤ ቁልፉ ጽሑፉን ወደ ድምፅ የሚቀይረውን ፕሮግራም ሊያግድ ይችላል። በ2013 የተፈረመውና ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የማራካሽ ስምምነት አገሮች ለቁልፍ የሚሰጡት የሕግ ጥበቃ እነዚህን አንባቢዎች እንዳያግድ ያዛል።

ደራሲዎችና አሳታሚዎች ቁልፍ የሚፈልጉት በክፋት አይደለም። የአማርኛ ደራሲ ዓመታት የደከመበት መጽሐፍ በወጣ ማግስት በቴሌግራም በፒዲኤፍ ሲዘዋወር ያያል፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው። ነገር ግን እዚያ የሚዘዋወሩትን ፋይሎች ልብ ብሎ ያየ ሰው የገጾቹን መዛነፍና በጥጋቸው ላይ የወደቀውን ጥላ ያስተውላል። አብዛኞቹ ከወረቀቱ ላይ ስካን ተደርገው ወይም በስልክ ፎቶ ተነስተው የወጡ ናቸው። በዲጂታሉ ቅጂ ላይ የሚደረግ ቁልፍ ይህን ሊያስቀር አይችልም። የሚይዘው ከፍሎ የገዛውን ታማኝ አንባቢ ነው።

ሌላ መንገድ መኖሩም ታይቷል። በሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚታወቀው አሳታሚ ቶር ቡክስ በ2012 ከመጻሕፍቱ ላይ ቁልፉን አነሳ፤ የብሪታንያው ቅርንጫፍ ከአንድ ዓመት በኋላ ስርቆት ጎልቶ እንዳልጨመረ ተናገረ። የሃሪ ፖተር መጻሕፍት በዚያው ዓመት በዲጂታል ሲወጡ በፋይሉ ላይ ገዢውን የሚያመለክት ስውር ምልክት ታክሎበታል። መጽሐፉ በየትም ይከፈታል፤ በአደባባይ የበተነው ሰው ግን ሊታወቅ ይችላል። ለደራሲው ጥበቃ፣ ለአንባቢው ደግሞ ዕድሜ የሚሰጥ አሠራር ስለሆነ ለእኛ ገበያ የሚበጀው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ያለ ቁልፍ የተቀመጠ ጽሑፍ ምን ያህል እንደሚቆይ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ማይክል ሃርት የተባለ ሰው በጁላይ 1971 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ላይ የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ ጽፎ አስገባ፤ ፕሮጀክት ጉተንበርግ የተባለው የነጻ መጻሕፍት ስብስብ የተጀመረው በዚያ ነው። ያ ጽሑፍ በተራ ፊደል ስለተቀመጠ ዛሬም በማንኛውም ስልክ ይነበባል። በ2017 ከማይክሮሶፍት የተገዛው መጽሐፍ ግን ሁለት ዓመት ብቻ ቆየ።

አሁን የአማርኛ መጻሕፍትን በስልክ መተግበሪያ የሚሸጡ ድርጅቶች ብቅ ብቅ እያሉ ነው። ደስ የሚል ነው፤ በውጭ የሚኖረው አንባቢ ያለ ፖስታና ያለ መንገደኛ ያገኛቸዋል። ከመተግበሪያው ውጭ የማይከፈት መጽሐፍ ግን ከመተግበሪያው ጋር አብሮ ይሞታል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከመክፈልዎ በፊት ፋይሉን ማውረድና በሌላ ፕሮግራም መክፈት ይቻል እንደሆነ ሻጩን ይጠይቁ፤ ያለ ቁልፍ የሚሸጥ ካገኙ እሱን ያስቀድሙ፤ ለልጆችዎ ሊያቆዩት የሚፈልጉትን ደግሞ በወረቀትም ይግዙት። ደራሲዎችና አሳታሚዎችም ከመተግበሪያ ባለቤቶች ጋር ስትዋዋሉ አንድ አንቀጽ አስጨምሩ፦ ድርጅቱ ሥራውን ባቆመ ጊዜ እያንዳንዱ ገዢ የከፈለበትን መጽሐፍ ያለ ቁልፍ እንዲረከብ።