«ብያዝ ለዳኛው እነግራለሁ» ያዋጣል?

ይህን ያስጻፈኝ የአንዲት እህታችን ደብዳቤ ነው። እጮኛዋ አሜሪካ ሳለ፣ «የቀጠሮ ወረቀት ሳይደርሰኝ» እንደሚለው፣ በሌለበት ከአገር እንዲወጣ ተወሰነበት። ቆይቶ ተያዘና ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። አሁን «በሜክሲኮ ዞሬ እገባለሁ፤ ብያዝ እንኳ የድሮው ትእዛዝ ስህተት እንደነበር ለዳኛው እነግራለሁ» ይላታል። ለሠርጋቸው የተጠራቀመው ገንዘብ ለደላላ ሊሰጥ ነው። «ያዋጣል ወይ?» ብላ ትጠይቃለች።

እህቴ፣ አያዋጣም። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

ያን ትእዛዝ የሰጠው የኢሚግሬሽን ዳኛ፣ ዳኛ ይባል እንጂ የመደበኛ ፍርድ ቤት ዳኛ አይደለም። የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። ትእዛዙም አስተዳደራዊ ነው፤ በጊዜው ካልተነካ ግን የመጨረሻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለ ፈቃድ ተመልሶ መግባት ወንጀል ነው። እስከ 2 ዓመት ያሳስራል፤ ቀደም ሲል ከባድ ወንጀል ያለበትን ደግሞ እስከ 20 ዓመት። ዐቃቤ ሕግ ትእዛዙ መኖሩን፣ ሰውየው መውጣቱንና ያለ ፈቃድ መመለሱን ካስረዳ ሥራው አበቃ። ትእዛዙ ልክ ነበር አልነበረም ብሎ ማስረዳት የእሱ ጣጣ አይደለም።

ታዲያ በሩ ጭራሽ ዝግ ነው? አይደለም፤ ጠባብ ነው እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1987 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሁለት ሜክሲኮአውያንን ጉዳይ አየ። የተባረሩት ከብዙ ሰዎች ጋር በአንድ ላይ ተሰምተው፣ መብታቸው በቅጡ ሳይገባቸው ነበር። ፍርድ ቤቱም፣ በአሠራር ጉድለት የተነሳ ፍርድ ቤት እንዳያየው የተደረገ ትእዛዝ ዝም ብሎ ሰውን ወንጀለኛ ማድረጊያ አይሆንም አለ። በ1996 ግን የአገሪቱ ምክር ቤት ሦስት ቅድመ ሁኔታ በሕግ አስቀመጠ፦ በአስተዳደሩ በኩል ያለውን አቤቱታ ሁሉ አሟጠህ መጨረስ፣ ፍርድ ቤት የመድረስ ዕድል መነፈግህ፣ ትእዛዙም ከመሠረቱ ፍትሐዊ አለመሆኑ። ሦስቱም አብረው መገኘት አለባቸው።

ምን ያህል እንደሚጠብ ደግሞ ይኸው። አንድ ሰው ጠጥቶ በማሽከርከር በ1998 ተባረረ። በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ እንዲህ ያለው ጥፋት ለዚያ እንደማያበቃ ወሰነ። ሰውየው ተመልሶ ገብቶ ሲከሰስ ይህንኑ አነሳ። በ2021 ዳኞቹ በአንድ ድምፅ መለሱለት፤ ትእዛዙ ስህተት መሆኑ ብቻ ከሌሎቹ ቅድመ ሁኔታዎች አያድንም። ይግባኙን ያኔ ትቶታላ!

አሁን ወደ እጮኛሽ ልመለስ። የቀጠሮው ማስታወቂያ እውነት ካልደረሰው፣ በሌለበት የተሰጠው ትእዛዝ እንዲነሳ በማንኛውም ጊዜ ማመልከት ይችላል። ከባድ ሕመምን የመሰለ ችግር አግዶት ከሆነ ግን ጊዜው 180 ቀን ብቻ ነው። አድራሻውን ቀይሮ ሳያሳውቅ ቀርቶ ከሆነም ችግር አለ፤ ወረቀቱ ወደ መጨረሻው አድራሻ ከተላከ እንደ ደረሰው ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ፍቅር ሳታስቀድሚ በግልጽ ጠይቂው፦ «ቤት ስትቀይር አስታውቀሃል?»

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ በድብቅ ቢገባ ሕጉ የድሮውን ትእዛዝ መልሶ ያጸናዋል፤ እንደገና እንዲታይም አይፈቅድም። ማለትም ዛሬ ያለችውን አንዲት በር በገዛ እጁ ይዘጋታል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ደላላም እንዲሁ።

ገንዘቡ ይቀመጥ። ከእሱ ትንሽ ተቀንሶ በኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚሠራ ጠበቃ ፋይሉን አስወጥቶ ይመልከተው።

እዚያ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ፣ ጉዳያችሁ በኢሚግሬሽን ችሎት ካለ አድራሻ በቀየራችሁ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ አሳውቁ። ቋንቋው ካልገባችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ችሎቱ በነፃ ያቀርባል። «ይግባኝ ትላለህ?» ስትባሉ ሳታማክሩ «አልልም» አትበሉ። ሳይቃጠል በቅጠል!

እስከ ሳምንት ሰላም ሁኑ።