ከርከሮ፣ ነፋስና ገደል፦ የአደንና የሰብል ጥበቃ ፊዚክስ

በቀየት፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ አምባዎች ጥግ የሚያርስ ገበሬ ከበረዶና ከተምች ሌላ የሚሰጋው ባላንጣ አለው። እርሱም ከገደሉ ሥር እየወጣ ማሳ የሚያርሰው የዱር አሳማ ነው። ይህ እንስሳ ከሚበላው ይልቅ የሚገለብጠውና የሚረግጠው ይበዛል። አንድ ሌሊት ሳይጠበቅ ያደረ የማሽላ ወይም የድንች ማሳ የቤተሰቡን የወራት ቀለብ ይዞ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሰው ማማ ሠርቶ ያድራል፤ ውሻ ያሰማራል፤ ጅራፍ ያጮኻል፤ ጠመንጃ ያለውም ጠመንጃውን ያነሣል። ሌሊቱን ማማ ላይ ያደረ ልጅ ደግሞ ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል።

ለመሆኑ ይህን እንስሳ በገደላማ ስፍራ ማደንም ሆነ ማባረር ይህን ያህል አስቸጋሪ የሆነው ለምንድን ነው? አንዱ ጠባቂ ሲሳካለት ሌላው ጎረቤቱ ለምን ባዶ ማሳ ይታቀፋል? ብዙ ጊዜ ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ዕድል ወይም ጀግንነት ነው። ሆኖም የመልሱ ትልቁ ክፍል የሚገኘው በአየር እንቅስቃሴ ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ እምብዛም ሳይርቅ ጉዳዩን ለማብራራት ይሞክራል።

እንስሳው ማን ነው?

በአማርኛ «የዱር አሳማ» ወይም «እሪያ» እየተባሉ በጅምላ የሚጠሩት እንስሳት አንድ ዓይነት አይደሉም። ከርከሮ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፋኮኬረስ አፍሪካነስ፣ የቀን እንስሳ ነው። ሌሊቱን በጉድጓድ ውስጥ ያሳልፋል፤ ጉድጓዱም ብዙ ጊዜ አዋልዲጌሳ ቆፍሮ የተወው ነው። ፖታሞኬረስ ላርቫተስ የሚባለው የቁጥቋጦ አሳማ ግን በአመዛኙ የሌሊት እንስሳ ሲሆን በቡድን ሆኖ ሥርና እህል እየቆፈረ ይመገባል። በአውሮፓና በእስያ የሚታወቀው፣ የቤት አሳማ ቅድመ አያት የሆነው ዝርያ በአገራችን የዱር ነዋሪ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የመንግሥት ደኖች ውስጥ በብዛት የሚታደነው እርሱና ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከአውሮፓውያን ጋር ተሻግረው ወደ ዱር ያመለጡ የቤት አሳማዎች ዘር ናቸው።

በአሜሪካ አዳኙ ሥጋውን ይፈልጋል። በእኛ አገር ግን ክርስቲያኑም ሆነ ሙስሊሙ የአሳማ ሥጋ ስለማይበላ የገበሬው አደን ዓላማ በዋነኛነት ሰብልን ማዳን ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ዓላማው እህሉን ማዳን ከሆነ እንስሳው ሳይሞት ቢሸሽም ግቡ ተመትቷል ማለት ነው።

የአሳማ ወገኖች በላብ ሰውነታቸውን ማቀዝቀዝ እምብዛም አይችሉም። ስለዚህ በጭቃ ውስጥ ይንከባለላሉ። ቆዳ ላይ የተለጠፈው ጭቃ ውሃውን ቀስ በቀስ እያስተነነ ሙቀት ይወስዳል። ግማሽ ሊትር ውሃ ለማትነን 1.2 ሚሊዮን ጁል ያህል ያስፈልጋል። ይህ ሙቀት በሙሉ ከእንስሳው አካል ቢወሰድ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን አሳማ በ5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ያቀዘቅዘዋል። በሞቃት ወቅት ውሃና ጥላ ካለበት የሸለቆ ወለል ርቆ መዋል የሚቸግረው በዚህ ምክንያት ነው። ብርድ ግን ፈጽሞ አያግደውም፤ በባሌ ተራሮች ዲንሾ አካባቢ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከርከሮ በቀን ሲግጥ ይታያል።

ዓይኑ ደካማ ቢሆንም አፍንጫው የሚደነቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የቤት አሳማ የዘር መረጃ ሲጠና ለማሽተት የሚያገለግሉ ከ1,000 በላይ የሚሠሩ ጂኖች ተገኝተውበታል። በሰው ውስጥ ያሉት ግን ወደ 400 ገደማ ናቸው። እንግዲህ በአዳኙና በእንስሳው መካከል የሚደረገው ውድድር ከዓይን ይልቅ የአፍንጫ ውድድር ነው፤ አፍንጫ ደግሞ የሚሠራው ነፋስ ባመጣለት መጠን ብቻ ነው።

ገደሉ ይተነፍሳል

የመንዝና የመርሐ ቤቴ ምድር በጀማ፣ በወንጪትና በገባሮቻቸው ተቦርቡሯል። ከአምባው ጫፍ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው ቁልቁለት በብዙ ቦታ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ሌላ ነፋስ ባይኖር እንኳ አየሩ ቆሞ አያድርም።

ቀን ፀሐይ ተዳፋቱን ታሞቃለች፤ ከመሬቱ ጋር የሚነካካው አየርም ይሞቃል፣ ይቀልላል፣ ተዳፋቱን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ፀሐይ ስትጠልቅ ነገሩ ይገለበጣል። መሬቱ ሙቀቱን ወደ ጠራው ሰማይ እየረጨ ይቀዘቅዛል፤ አየሩም አብሮት ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል።

የፍሰቱን መጠን በቀላሉ መገመት ይቻላል። በተዳፋቱ ላይ ያለው አየር 7 ዲግሪ፣ ከእርሱ ራቅ ብሎ በዚያው ከፍታ ያለው አየር ደግሞ 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው እንበል። 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ 283 ኬልቪን ስለሆነ፣ የ3 ዲግሪ ልዩነት ቀዝቃዛውን አየር 1 በመቶ ያህል ያከብደዋል። ተዳፋቱ 20 ዲግሪ ቢያጋድል አየሩን ቁልቁል የሚስበው ፍጥንጥነት 9.8 በ0.34፣ በ0.0106 ተባዝቶ 0.035 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይሆናል። ይህ ቁጥር ከንቱ ይመስላል። ሆኖም ሰበቃ ባይኖር አየሩ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 2 ሜትር በሰከንድ ፍጥነት ይደርስ ነበር። የመሬቱና የዕፅዋቱ ሰበቃ ስለሚገታው በእውነቱ ዓለም የተዳፋት ነፋስ ዘወትር ከ1 እስከ 3 ሜትር በሰከንድ ይነፍሳል። ጉንጭ ላይ እምብዛም የማይሰማ ነፋስ ነው። ነገር ግን በ1.5 ሜትር በሰከንድ የሚሄድ የሰው ጠረን 300 ሜትር ለመድረስ ከ3 ደቂቃ በጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ብቻ ይፈጅበታል።

አንድ ሕግ፣ ሁለት ጥቅም

አሁን አንድ አዳኝ በምሽት ከማሳው በላይ ባለው ጉብታ ላይ አድፍጦ፣ እንስሳው ከገደሉ ሲወጣ እጠብቃለሁ ቢል ምን ይሆናል? ቀዝቃዛው አየር ጠረኑን ይዞ ወደ ገደሉ ይወርዳል። አሳማው ገና ማሳው ሳይደርስ ሰው መኖሩን ያውቃል፤ ዞሮ በሌላ በኩል ይገባል ወይም ይመለሳል። ያው አዳኝ በረፋድ ከላይ ሆኖ ቢጠብቅ ግን ነፋሱ ሽቅብ ስለሚመጣ ጠረኑ ከኋላው ይቀራል። ስለዚህ ማድፈጥ የሚፈልግ ሰው ቀን ከላይ፣ ሌሊት ከታች ወይም ከጎን መሆን አለበት። አደገኛው ሰዓት የነፋሱ አቅጣጫ የሚለወጥበት የንጋትና የምሽት ድንበር ነው፤ ያን ጊዜ አየሩ ይወላውላል። በአሜሪካ ያሉ አዳኞች ይህንን ለማወቅ በትንሽ ዕቃ የተያዘ ዱቄት ይረጫሉ። ከምድጃ የተዘገነ አንድ ጭብጥ ልም አመድ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ሰብል ጠባቂው ግን ዓላማው የአዳኙ ተቃራኒ ነው። እርሱ እንዲታወቅበት ይፈልጋል። በማሳው የላይኛው ጫፍ የተለኮሰ ጭስ የሚበዛው እሳት ጠረኑን ሌሊቱን ሙሉ በነፃ ወደ ገደሉ ያወርድለታል። በታችኛው ጫፍ ያለ እሳት ግን ጭሱ ማሳውን ሳይነካ ወደ ወንዙ ይሄዳል፤ በጎን የሚመጣውም እንስሳ አይሰማውም። ተመሳሳይ እንጨት የፈጁ ሁለት ጎረቤቶች የተለያየ ውጤት የሚያገኙበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ጅራፍና ወንጭፍ

የቡሄ ልጆች የሚያጮኹት ጅራፍ የሰው ልጅ ከድምፅ የፈጠነ ነገር ከሠራባቸው ጥንታዊ መሣሪያዎች አንዱ ነው። እጀታው ሲወረወር በጅራፉ ላይ ቀለበት የመሰለ እጥፋት ይፈጠርና ወደ ጫፉ ይሮጣል። ጅራፉ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ያው ጉልበት እያነሰ ለሚሄድ ክብደት ይደርሳል፤ ፍጥነቱም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለት የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ስሌት መሠረት ጩኸቱ የሚወለደው እጥፋቱ ራሱ የድምፅን ፍጥነት ሲያልፍ ነው። በ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይህ ፍጥነት 337 ሜትር በሰከንድ ነው። የምንሰማው «ጧ!» የሚል ድምፅ ከድምፅ የሚፈጥን አውሮፕላን ከሚፈጥረው ነጎድጓድ ጋር በባሕርይው አንድ ነው።

ሌሊት ይህ ድምፅ ተጨማሪ አጋዥ ያገኛል። ድምፅ በሞቃት አየር ውስጥ ይፈጥናል፣ በቀዝቃዛ ውስጥ ይዘገያል። ቀን ከመሬቱ አጠገብ ያለው አየር ሞቃት ስለሆነ የድምፁ ሞገድ ወደ ሰማይ ይጎብጣል። ሌሊት ግን ቀዝቃዛው አየር ከታች፣ ሞቃቱ ከላይ ስለሚሆን ሞገዱ ወደ መሬት ይመለሳል። ከማዶ መንደር የሚመጣ የውሻ ጩኸት ሌሊት ቅርብ መስሎ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በማሳው ጫፍ የጮኸ ጅራፍ ሌሊት ገደሉ ድረስ ይሰማል። እርግጥ ነው፣ እንስሳ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት የሚደጋገም ድምፅ ይለምዳል። ጠባቂው ቦታውንና ጊዜውን ሊያለዋውጥ ይገባል።

ወንጭፍም የራሱ ስሌት አለው። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ወንጭፍ በሰከንድ 5 ጊዜ ቢሽከረከር ድንጋዩ በ31 ሜትር በሰከንድ ፍጥነት ይለቀቃል። በሜዳ ላይ በ45 ዲግሪ ቢወረወር፣ የአየሩን ግጭት ትተን፣ 100 ሜትር ያህል ይሄዳል። 100 ግራም የሚመዝን ድንጋይ ሲሆን የሚይዘው ኪኔቲክ ኢነርጂ 49 ጁል ነው። ለማስደንገጥ በቂ ነው፤ ወድቆም ይቆማል።

ጥይቱ የት ያርፋል?

የክላሽንኮቭ ጥይት 8 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከአፈሙዙ ሲወጣ ፍጥነቱ 715 ሜትር በሰከንድ ነው። ኪኔቲክ ኢነርጂው ከ2,000 ጁል በላይ ሲሆን ከወንጭፉ ድንጋይ 40 ጊዜ ይበልጣል። አየር ባይኖር 52 ኪሎ ሜትር በሄደ ነበር። የአየሩ ግጭት ይህንን በእጅጉ ያሳጥረዋል፤ ያም ሆኖ ጥይቱ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየር እፍግታ በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል ስለሚቀንስ ደጋ ላይ ግጭቱ ይላላል፤ ጥይቱም ይርቃል።

አሁን ይህንን ቁጥር በገደላማ ምድር ላይ እናስቀምጠው። ሜዳ ላይ ዒላማውን የሳተ ጥይት ብዙ ጊዜ አፈር ውስጥ ይገባል። በገደል አፋፍ ላይ ግን ከእንስሳው በስተኋላ ያለው ባዶ አየር ነው፤ ከባዶው አየር ማዶ ደግሞ ሌላ አምባ፣ ሌላ ጎጆ፣ ሌላ ማማ ላይ የተቀመጠ ሌላ ልጅ አለ። ሁለቱን የሚለያቸው ርቀት ብዙ ጊዜ ከ2 ኪሎ ሜትር ያንሳል። ጥይቱ ድንጋይ ቢመታም በጠፍጣፋ ማዕዘን ከሆነ ይነጥራል፤ የት እንደሚያርፍም ማንም አያውቅም። በጨለማ፣ ከአፋፍ ላይ ወደ አግድም የተተኮሰ ጥይት ለአንድ ኩንታል ማሽላ የሰውን ሕይወት ያስይዛል።

የጋራ መሬት፣ የጋራ ዕውቀት

ገደሉም፣ በውስጡ የሚኖረው እንስሳም የአንድ ሰው ንብረት አይደሉም። የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። በመሆኑም ጉዳት ሲበረታ አቤቱታውን በጋራ ማቅረቡ ነገ ተነገ ወዲያ ከሚመጣ ክስ ይሻላል።

መንዝ የጋራ መሬትን በጋራ ሕግ በማስተዳደር ለሌላው አርአያ የሚሆን ታሪክ አለው። 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የጓሳ ምድር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ሣሩ ለዓመታት ይከለላል፤ ሲደርስ በጋራ ይከፈታል፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቢፈርስም ኅብረተሰቡ በኋላ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቁሞ ቀጥሏል። ዛሬም ጓሳ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ ነው። ሣርን በተራ የጠበቀ ማኅበረሰብ የማሳ ዘብን በተራ ማደል አያቅተውም። አሥር ቤተሰቦች ተራ ቢገቡ እያንዳንዱ ቤት ከአሥር ሌሊት አንዱን ብቻ ያድራል፤ ልጆችም ዘጠኙን ሌሊት ተኝተው ያድራሉ።

ከእነዚህ አካባቢዎች የመጣችሁ ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜ ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ አንድ ቀላል ጥናት ልታደርጉ ትችላላችሁ። አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ሰዓትና ጥቂት አመድ ይዛችሁ በማሳው የላይኛና የታችኛ ጫፍ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት በየግማሽ ሰዓቱ ሙቀቱንና የአመዱን አቅጣጫ መዝግቡ። ነፋሱ ሽቅብ መውጣት ትቶ ቁልቁል መውረድ የጀመረበትን ሰዓት ለይታችሁ ለማሳው ጠባቂ ንገሩት። እሳቱን የት ማንደድ እንዳለበት የሚነግረው ያ ሰዓት ነው።