መግለጫው ያለውን መሣሪያው ይመስክር

የኤሌክትሪክ ትምህርት የጀመረ ተማሪ ሁሉ ኦፕሬሽናል አምፕሊፋየር የሚባለውን ማጉያ ሳያገኘው አይቀርም። ከነዚህም በሰፊው የታወቀው 741 የተባለው፥ የፌርቻይልድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው ትንሽ ዕቃ ነው። በመጽሐፍ እንደ ተጻፈው፥ ሁለቱ መግቢያዎቹ እኩል የሆኑ እንደ ሆነ መውጫው ዜሮ ይሆናል። በሥራ ላይ ግን እንደዚህ ሆኖ አናገኘውም። በመግቢያዎቹ መካከል ጥቂት መዛባት አለ፤ ይኸውም ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊቮልት ያህል ሲሆን፥ እንደ ዓይነቱ እስከ 5 ወይም 6 ሊደርስ ይችላል።

«1 ሚሊቮልት ምን ያደርጋል?» የሚል ቢኖር፥ የእቶን ሙቀት የሚለካበትን ኬ የተባለውን ቴርሞካፕል ይመልከት። ይህ መለኪያ ለአንድ ዲግሪ ሙቀት የሚሰጠው 41 ማይክሮቮልት ገደማ ነው። እንግዲህ ያ የተናቀ 1 ሚሊቮልት 24 ዲግሪ ያህል ያሳስታል ማለት ነው።

መዛባቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያሻም። የፕላሱን መግቢያ ከዜሮው መስመር ጋር እናገናኛለን። ከመውጫው ወደ ማይነሱ መግቢያ የ100 ሺህ ኦም፥ ከማይነሱ መግቢያ ወደ ዜሮው መስመር የ100 ኦም ሬዚስተር እናስገባለን። በዚህ ጊዜ ማጉያው መዛባቱን 1,001 ጊዜ ያጎላዋል፤ ስለዚህም በመውጫው ላይ 1.2 ቮልት ብናነብ መዛባቱ 1.2 ሚሊቮልት ያህል ነው።

ሁለተኛው ነገር ፍጥነት ነው። መውጫውን ከማይነሱ መግቢያ ጋር በቀጥታ አገናኝተን፥ በፕላሱ በኩል ባንድ ጊዜ 10 ቮልት የሚዘል ምልክት ብንሰጠው፥ መውጫው አብሮ አይዘልም፤ በኦሲሎስኮፕ ሲታይ እንደ ዳገት እየወጣ 20 ማይክሮሰከንድ ያህል ይፈጃል። ምክንያቱም በውስጡ ያለውን የ30 ፒኮፋራድ ካፓሲተር የሚሞላው የኤሌክትሪክ ፍሰት የተወሰነ ስለ ሆነ ነው። ከዚህም የተነሣ ጫፉ 10 ቮልት የሚደርስ ሞገድ ከ8 ሺህ ኸርዝ ገደማ ካለፈ ቅርጹ ይበላሻል።

በመግለጫው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር የብዙዎቹን ጠባይ እንጂ በእጃችን ያለውን የአንዱን ጠባይ አይነግረንም። ከአንድ ካርቶን የወጡ ሁለት ማጉያዎች እንኳ ይለያያሉ። ስለዚህ ተማሪው አምስቱን ለክቶ ውጤቱን በደብተሩ ይጻፍ፤ የመሣሪያ ርክክብ የሚፈርመውም ወጣት ሹም ከመፈረሙ በፊት «ተለክቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ መባሉ ለልብስ ሰፊ ብቻ አይደለምና።