የጓሮን መልክ ከፎቶግራፍ ወደ ውሃ ቀለም ሥዕል ስለ ማዛወር

ሥዕል ማለት ዓይን ያየውን ነገር እጅ እንዲናገረው ማድረግ ነው። ስለዚህ ሥዕል መማር እጅን ብቻ ማሠልጠን አይደለም፤ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይንን ማስተማር ነው። በመቱ፣ በጎሬ፣ በበደሌና በዙሪያቸው ባሉት መንደሮች የሚኖር ተማሪ ዓይኑን የሚያስተምርበት ሥፍራ ሩቅ አይደለም፤ ከቤቱ በስተኋላ ያለው ጓሮ ይበቃዋል። በዚያም ቡናው፣ ሙዙ፣ እንሰቱ፣ ጎመኑና ጤና አዳሙ፣ በላያቸውም ጥላ የሚሰጠው ዋንዛ በአንድነት ይገኛሉ። ሁሉም በአንድ ስም አረንጓዴ ይባላሉ፤ ነገር ግን አስተውሎ ለሚያይ ሰው የአንዱ አረንጓዴነት ከሌላው የተለየ ነው።

በኢሉባቦር ምድር ዝናቡ ብዙ ነው። በክረምት ወራት ከደጅ ተቀምጦ ወረቀት ዘርግቶ መሣል አይቻልም። በበጋም ቢሆን ፀሐይ በሰማይ ስትጓዝ ጥላው ከሥፍራ ወደ ሥፍራ ስለሚዛወር፣ ሠዓሊው የጀመረውን ሳይፈጽም ያየው ብርሃን ያመልጠዋል። ፎቶግራፍ ለሠዓሊ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው፤ አላፊውን ብርሃን ይዞ ያቆይለታልና።

ፎቶግራፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1839 በፓሪስ ለዓለም ከተገለጸ ወዲህ ብዙ ሠዓሊዎች ረዳት አድርገው ይዘውታል። በሀገራችንም ታሪክ ሁለቱ ጥበቦች ጐን ለጐን የታዩበት ጊዜ አለ። በ1868፣ በኛ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ የጦሩ መሐንዲሶች ፎቶግራፍ ያነሡ ነበር። ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ የተባለው ጋዜጣም ዊልያም ሲምፕሰን የሚባለውን የውሃ ቀለም ሠዓሊ ልኮ ነበር። ፎቶግራፉ የተራራውንና የድንጋዩን ቅርጽ ሳያጓድል መዘገበ፤ ነገር ግን ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለ ነበረ የሀገሩን ቀለም ለመናገር አልቻለም። ቀለሙን የተናገረው የሠዓሊው ብሩሽ ነው።

ዛሬ ፎቶግራፍ ቀለም ያለው ሆኖአል። ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮችን አሁንም ያሳስታል። አንደኛ፣ ጥላን ከመጠን በላይ ያጠቁራል፤ በቡናው ሥር ያለው ጥላ በፎቶግራፍ እንደ ከሰል ሲታይ፣ በዓይን ግን ቀዩ አፈርና የረገፈው ቅጠል በውስጡ ይታያሉ። ሁለተኛ፣ ብሩህ የሆነውን ሰማይ ባዶ ነጭ ያደርገዋል። ሦስተኛ፣ በቅርብ ያለውን አግዝፎ በሩቅ ያለውን ያሳንሳል። እንግዲህ የሚሥል ተማሪ ፎቶግራፉን ብቻ አምኖ ከቤት መቀመጥ አይገባውም። ፎቶግራፉን ይዞ ወደ ጓሮው ይሂድ፤ ጥላው ሰማያዊ ነው ወይስ ቀላ ያለ፣ ቅጠሉ የሚያበራ ነው ወይስ የደበዘዘ፣ ያየውን ሁሉ በደብተሩ ይጻፍ። ፎቶግራፉ ቅርጹን ይመሰክራል፤ ስለ ቀለሙ ግን ምስክሩ ጓሮው ነው።

ፎቶግራፉን ለማንሣት ጧት እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል። በዚያን ጊዜ ብርሃን ከጐን ስለሚመጣ ቅጠሉና ግንዱ ክብነታቸው ይታያል። በቀትር ግን ብርሃን ከአናት ስለሚወርድ የነገሩ ሁሉ መልክ ይደባለቃል።

ከዚህ በኋላ መምረጥ ይከተላል። በጓሮ ያለውን ሁሉ ልሣል የሚል ሰው አንዱንም ሳያሳይ ይቀራል። ከወፍራም ወረቀት እንደ ማዕዘን የታጠፉ ሁለት ቁራጮችን ቆርጦ በፎቶግራፉ ላይ ወዲያና ወዲህ በማንቀሳቀስ፣ ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘውን ክፍል መለየት ይገባል። አንድ ነገር የሥዕሉ ራስ ይሁን፤ ለምሳሌ ያበበች አንዲት የቡና ዛፍ ትሁን፤ የቀረው ሁሉ እርሷን ያጅብ።

መልኩን ወደ ወረቀት ለማዛወር የቀላል ሒሳብ መንገድ አለ። ፎቶግራፉ ወርዱ 10፣ ርዝመቱ 15 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ በየ2.5 ሳንቲሜትሩ ቢከፈል በወርድ 4፣ በርዝመት 6፣ በጠቅላላው 24 አራት ማዕዘኖች ይገኛሉ። በወረቀቱም ላይ ወርዱ 20፣ ርዝመቱ 30 ሳንቲሜትር የሆነ ሥፍራ በየ5 ሳንቲሜትሩ ቢሰመር 24 ማዕዘኖች ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ማዕዘን ያለውን በየአቻው ማዕዘን በቀጭን እርሳስ መንደፍ ነው። ፎቶግራፉ እንዳይበላሽ መስመሩን በላዩ ከማስመር ይልቅ ክር መወጠር ይሻላል። በወረቀቱም ላይ እርሳሱን መጫን አይገባም፤ የውሃ ቀለም ብርሃን አሳላፊ ስለ ሆነ የጠቆረው መስመር ከሥሩ ይታያልና።

የውሃ ቀለም የሚሠራው ከላመ የቀለም ዱቄትና ከግራር ሙጫ ነው። ሙጫው ዱቄቱን ከወረቀቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ውሃው ቀለሙን ተሸክሞ ካደረሰ በኋላ ተንኖ ይሄዳል። የተገዛ ቀለም በማይገኝበት ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎች ከአስተማሪያቸው ጋር ሆነው ከሀገራቸው ቀይ አፈር ቀለም ለመሥራት ይችላሉ። አፈሩን በውሃ በጥብጠው፣ አሸዋው ወደ ታች ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን ቀይ ውሃ ወደ ሌላ ዕቃ ይገልብጡ። ይህም አድሮ ሲጠል ከሥሩ የቀረውን ልም ጭቃ አድርቀው ይፍጩት። ከዚያም 1 እጅ የግራር ሙጫ በ2 እጅ ለብ ያለ ውሃ አሟሙተው፣ በጨርቅ አጥልለው፣ ቀለሙ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ጥቂት ማር ጨምረው ከዱቄቱ ጋር ያዋሕዱት። የአፈሩ ቅላት ከብረት ዝገት የተገኘ ስለ ሆነ ፀሐይ ቶሎ አያደበዝዘውም። የተፈጨ ከሰልም በዚሁ መንገድ ጥቁር ቀለም ይሆናል።

የአሣሣሉ ሥርዓት ከሌላው ቀለም የተለየ ነው። በውሃ ቀለም ነጩ ነገር ራሱ ወረቀቱ ነው። ስለዚህ የቡናው ነጭ አበባ የሚያርፍበትን ሥፍራ አስቀድሞ ሳይነኩ መተው ይገባል፤ አንድ ጊዜ በቀለም ከተሸፈነ በኋላ ንጣቱን መመለስ ችግር ነው። ሥራው ከደማቅ ብርሃን ጀምሮ ወደ ጥላ ይሄዳል። በመጀመሪያ ሰማዩና ሩቁ ኮረብታ በብዙ ውሃ በቀጠነ ሰማያዊ ቀለም ይቀባል፤ በሩቅ ያለ ነገር በአየሩና በጉሙ ምክንያት ሰማያዊ መስሎ ይታያልና። ቀጥሎ የዛፎቹ አረንጓዴ፣ በመጨረሻም የጥላው ጨለማ ይከተላል። የፊተኛው ሳይደርቅ ሁለተኛው ቢጨመር ቀለማቱ ተቀላቅለው ይፈሳሉ፤ እርጥብ አየር ባለበት በኢሉባቦር ደግሞ ወረቀት ቶሎ ስለማይደርቅ ትዕግሥት ያስፈልጋል። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ደግሞ ከእርጥቡ ይልቅ ፈዘዝ እንደሚል ማወቅ ይገባል።

አረንጓዴውን ከቢጫና ከሰማያዊ መቀላቀል ይሻላል። ብርሃን የሚያልፍበት የሙዝ ቅጠል ቢጫው ይበዛለታል። ወፍራምና አብረቅራቂ የሆነው የቡና ቅጠል ሰማያዊው ይበዛለታል፤ ጥቂት ቀይ ሲጨመርበት ረጋ ይላል። ለጥላ ጥቁር ቀለም ከመጠቀም ይልቅ ሰማያዊና ቀይ ቀላቅሎ በስሱ መቀባት ጥላውን ሕያው ያደርገዋል።

ምናልባት ይህ ሁሉ ድካም ለገበሬ ልጅ ምን ይረባዋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለዚህ ሰው መልሱ በራሱ ጓሮ ውስጥ ነው። የቡና ፍሬ በሽታ በሀገራችን መኖሩ የታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ነው። ይህ በሽታ ገና አረንጓዴ በሆነው ፍሬ ላይ ሰርጐድ ባለ ጥቁር ነጠብጣብ ይጀምራል፤ ከዚያም ፍሬውን አጥቁሮ ያደርቀዋል። የቅጠል ዝገት የሚባለው ደግሞ በቅጠሉ ጀርባ እንደ ብርቱካን ያለ ቢጫ ዱቄት ሆኖ ይታያል። አሻግሮ የሚያይ ሰው ቡናው ሁሉ አረንጓዴ ነው ብሎ ያልፋል። የጤነኛውን ቅጠል ቀለም በብሩሹ ሲፈልግ የሰነበተ ልጅ ግን ከሥፍራው ያልሆነው ቢጫ ወይም ጥቁር ወዲያው ይታየዋል። ለወላጆቹና ለግብርና ባለሙያ በጊዜ ቢናገር የዓመቱን መከር ለማዳን ሊረዳ ይችላል፤ ለቡና አምራች ቤት መከር ማለት ልብስም የትምህርት ደብተርም ነው።

ዳግመኛም ጓሮ እንደ ሰው ይለወጣል። ዛፉ ይቈረጣል፣ ቤቱ ይታደሳል፣ አሮጌው ቡና በአዲስ ይተካል። የያዩ የቡና ጫካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 በዩኔስኮ በዓለም የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ የገባው፣ እንዲህ ያለው ሀብት ካልተጠበቀ የሚጠፋ ስለ ሆነ ነው። በሥዕሉ ጀርባ የቦታው ስም፣ የዕፀዋቱ ስምና ዓመተ ምሕረቱ ቢጻፍበት፣ ሥዕሉ ለኋላ ልጆች ምስክር ይሆናል።

ሥዕሉ በደንብ ከደረቀ በኋላ ሻጋታ እንዳይዘው ከመሬት ርጥበት በራቀ ሥፍራ፣ ቀለሙም እንዳይለቅ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ግድግዳ ይቀመጥ። ተማሪዎች ሆይ፣ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ያሰባችሁት ሁሉ ባይገኝ አትዘኑ፤ በወረቀቱ ጀርባ እንደገና ጀምሩ። ዛሬ 2 ዓይነት አረንጓዴ የለየ ዓይን ነገ 10 ይለያል።