ረዥም መጽሐፍን ስለ መፍራት



ረዥም ልብ ወለድ የሚፈራ ሰው ሁሉ ሰነፍ አይደለም። እኔም ከፈሪዎቹ አንዱ ነበርሁ። በመካነ ሰላም በሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ወዳጄ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ቢያውሰኝ፥ ከ500 ገጽ በላይ መሆኑን አይቼ ከመዝገብ ክምር ጋር አኖርሁት። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ የሚተርከው በአብዛኛው ከቦረና በዓባይ ማዶ ስላለው ስለ ጎጃም ነው።

ድፍረት የሰጠኝ ጆሮዬ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ በየክፍሉ ሲተርከው ሰምቼ፥ የጉዱ ካሳ ነገር ልቤን ቢስበው መጽሐፉን አነሣሁ።

ረዥም ታሪክ በአንድ ጊዜ የሚዋጥ አይደለም። በህንድ አገር ካልኪ የተባለው ደራሲ ስለ ቾላ ነገሥታት በታሚል ቋንቋ የጻፈው ባለ 5 ቅጹ «ፖንኒዪን ሴልቫን» እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1954 በየሳምንቱ በመጽሔት እየወጣ ነው የተነበበው። በየማታው 10 ገጽ ያነበበ ሰው 500ውን በ50 ቀን ይፈጽማል።

ትርፉስ ምንድር ነው? በወላጆቹ ብጽዓት የታሰረውን በዛብህን፥ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡትን ባላገሮች ካወቅሁ ወዲህ፥ ባለጉዳይ በደጄ ሲቆም ከመዝገቡ ቁጥር አስቀድሜ ሰውዬውን ማየት ጀመርሁ።